ጽሕፈት የሌለው እንጨት ማገዶ ነው

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ከአገር ስለ ወጡት የብራና መጻሕፍት፥ ስለ ዘውዱና ስለ ጽዋው ብዙ ይጻፋል፤ መጻፉም የተገባ ነው። እኔ ግን በተከበረው ጋዜጣዎ ላይ ጥቂት ስፍራ እንዲሰጠኝ የምለምነው እምብዛም ስለማይነሣ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ እንጨት ነው። እንጨት ስል ስለ ማገዶና ስለ አጠና ዋጋ መናገሬ አይደለም። ስሙ፥ የበቀለበት ስፍራና የተቆረጠበት ቀን ተጽፎበት ለትምህርትና ለምርምር ስለሚቀመጠው የእንጨት ናሙና ነው። የጠፋውን እንዲህ ያለ ስብስብ ፈልጎ ማግኘት፥ የሌለውንም ዛሬውኑ ማቋቋም የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ሥራ መሆኑን በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዘመኖቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አንዳንድ አንባቢ «እንጨት በየዱሩ ሞልቶ ሳለ በሣጥን ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። ዛፍ ቆሞ ሳለ በቅጠሉ፥ በአበባውና በፍሬው ይታወቃል፤ ከተጋደመና ከተጠረበ በኋላ ግን ምስክሩ እንጨቱ ራሱ ብቻ ነው። ባለሙያው እንጨቱን በሦስት ወገን ይቆርጠዋል፤ አንደኛው አግድም፥ ሁለተኛው ከልቡ ወደ ልጡ፥ ሦስተኛው የልጡን ጎን ተከትሎ ነው። ከዚያ በማጉያ መነጽር ሲመለከተው የውሃ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ አቀማመጥና ከልቡ ወደ ልጡ የሚሄዱት መስመሮች ስፋት ከዛፍ ዛፍ ሲለያይ ያገኘዋል። በወይራና በዋንዛ ውስጥ የሚታዩት ቀዳዳዎች በጥድና በዝግባ ውስጥ ጨርሶ የሉም። ነገር ግን ይህን ሁሉ ማየት የሚጠቅመው፥ ስሙ በእርግጥ የታወቀ ሌላ እንጨት ከአጠገብ ተቀምጦ ማስተያየት ሲቻል ነው። የቆየ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ የበሰበሰው ምሰሶ የምን ዛፍ እንደ ነበረ ለማወቅ፥ በኬላ ላይ የተያዘ ጣውላ የባሕር ዛፍ ነው ወይስ የዝግባ የሚል ክርክር ሲነሣ ለመዳኘት፥ ለወንበርና ለበር የሚሆነውን እንጨት ለመምረጥ፥ መነሻው ያ ናሙና ነው።

ስም ብቻውን እንደማይበቃ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማችን «የሊባኖስ ዝግባ» የሚል ስም ስለሚገኝ፥ ብዙ ተማሪ ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራበት እንጨት በእኛ ደን ከሚበቅለው ዝግባ ጋር አንድ ይመስለዋል። የሊባኖሱ ዛፍ ሌላ፥ የእኛም ሌላ ነው። ጥድም እንዲሁ ነው፤ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ተረድፎ የምናየው የፈረንጅ ጥድ ከሐበሻው ጥድ የተለየ ዛፍ ነው። የሐበሻው ጥድ ዛሬ በዓለም የሚታወቅበትን ጁኒፐረስ ፕሮሴራ የተባለውን የሳይንስ ስም ያገኘው በ1847 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ዓመት በፊት አንኮበርን ጎብኝተው የጻፉት መንገደኞች በተዉት መጽሐፍ ውስጥ ይህን ስም የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። እንጨቱን ራሱን ቢያገኝ ግን በላዩ የተጻፈው ስም ምንም ቢሆን ዛፉን ያውቀዋል።

አሁን ወደ አንኮበር ልምጣ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ስለ ነበረች፥ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ መድረሻቸው እርስዋ ነበረች። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት ከቦምቤ የላከው የካፒቴን ሐሪስ መልእክተኛ ጓድ ወደ ሸዋ መጣ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር ውል ተዋዋለ። ከጓዱ ጋር ዮሐንስ ሮት የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ሊቅ አብሮ ነበር። ሐሪስ በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ዶክተር ሮት ስለ አገሩ ድንጋይ፥ ስለ ዕፅዋቱና ስለ እንስሳቱ የጻፈው ክፍል ተጨምሮ ይገኛል። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በ1839ና በ1842 ሁለት ጊዜ ወደ ሸዋ መጥቷል። ሌላው ፈረንሳዊ ዶክተር ፔቲ ዕፅዋትንና እንስሳትን እየሰበሰበ ብዙ ከደከመ በኋላ በ1843 ዐባይን ሲሻገር አዞ በላው። እርሱና ጓደኛው የሰበሰቡት ግን ከፓሪስ ደርሶ፥ ከ1847 ጀምሮ ስለ ሐበሻ ዕፅዋት ለታተመው ትልቅ መጽሐፍ መሠረት ሆነ።

ከነዚህ ሁሉ ረዥሙን ጊዜ በአንኮበር አጠገብ የቆየው የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ነው። በ1876 ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መሪ ሆኖ መጣ፤ ንጉሥ ምኒልክም ሌት ማረፊያ በተባለው ስፍራ መሬት ሰጡት። አንቲኖሪ በዚያ ሲሰበስብና ሲጽፍ ኖሮ በ1882 በዚያው ሞተ፤ ዶክተር ራጋዚና ዶክተር ትራቨርሲም ከእርሱ በኋላ በሌት ማረፊያ ሠርተዋል። ከዚህ የተላኩት ወፎች ከጄኖቫ ቤተ መዘክር ገብተው፥ ሳልቫዶሪ የተባለ የወፍ ሊቅ በ1884ና በ1888 ዝርዝራቸውን አሳተመ። ከሸዋ የሄዱትን ዕፅዋት ደግሞ በሮም አቬታ የተባለ ሊቅ በ1889 መዝግቦ ማሳተም ጀመረ። እንግዲህ የአንኮበር ወፍ ከጄኖቫ፥ የአንኮበር አበባ ከሮም እንደ ደረሰ ዱካው አለ ማለት ነው።

ስለ እንጨቱ ስንጠይቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። አበባና ቅጠል በወረቀት መካከል ተጭኖ ከደረቀ ብዙው በአንድ ሣጥን ይገባል፤ ዛፉን ለመሰየምም ሊቁ የሚፈልገው አበባውንና ፍሬውን ነው። እንጨት ግን ይከብዳል። ከአንኮበር ገደል በበቅሎ ወርዶ፥ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ እስከ ባሕሩ ዳር የሚሄድ መንገደኛ ከውሃውና ከስንቁ ላይ ግንድ የሚጭንበት ምክንያት አልነበረውም። ከተጫነም በኋላ ከቤተ መዘክር ሲደርስ ከደረቁ አበቦች ጋር አንድ ላይ አይቀመጥም፤ አበባው ወደ ዕፅዋት ክፍል፥ እንጨቱ ወደ ሌላ ዕቃ ቤት ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ወረቀቱ ከአንዱ፥ እንጨቱ ከሌላው ሲቀር ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ የእንጨት ስብስብ ፍለጋ ከእንጨቱ አይጀምርም፤ ከወረቀቱ ይጀምራል።

ወረቀቱን ለሚፈልግም ሰው ጥቂት ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል። አንደኛ፥ የስፍራችን ስም በየቋንቋው ልዩ ልዩ ሆኖ ተጽፏል። ሸዋ በጣልያን አጻጻፍ አንድ ዐይነት፥ በፈረንሳይ ሌላ ዐይነት፥ በጀርመንና በእንግሊዝም እንዲሁ ሌላ ነው፤ አንኮበርም በአንዱ መጽሐፍ «አንኮባር» ተብሎ ይገኛል። በአንድ ፊደል ብቻ የፈለገ ሰው «የለም» ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛ፥ ስብስብ ቤቱን ይለውጣል። በ1904 በሮም የተቋቋመው የጣልያን የቅኝ ግዛት ዕፅዋት ስብስብ በ1914 ወደ ፍሎረንስ ተዛውሯል፤ በሮም ብቻ የጠየቀ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በአሜሪካም የየል ዩኒቨርሲቲ ከ50 ሺህ በላይ የነበረውን የእንጨት ናሙና በ1969 ማዲሰን ወደሚገኘው የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ አስተላልፏል። ይህ ሁሉ እንጨት ያን ያህል መንገድ ሄዶ ያልጠፋው ቁጥሩና መዝገቡ አብሮት ስለ ሄደ ነው። ሦስተኛ፥ የሐሪስ ጓድ የመንግሥት መልእክተኛ ስለ ነበረ ደብዳቤውና ሒሳቡ በሎንዶን በሕንድ ቢሮ መዛግብት መካከል ይፈለጋል፤ ዶክተር ሮት ደግሞ በኋላ በሙኒክ አስተማሪ ስለ ሆነ የእርሱ ፍለጋ ከሙኒክ መጀመር ይገባዋል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በውጭ አገር ካለ በደኅና ተቀምጧል» የሚል ወዳጅም አይጠፋም። ይህ አሳብ ትልቅ ስሕተት መሆኑን የበርሊን ታሪክ ያስረዳናል። በበርሊን የነበረው የዕፅዋት ስብስብ በዓለም ከታወቁት ታላላቆች አንዱ ሲሆን፥ ከአገራችን የሄደ ብዙ ዕፅም በውስጡ ነበረ። በጦርነቱ ጊዜ በ1943 በመጋቢት መጀመሪያ ሌሊት ቦምብ ወድቆበት አብዛኛው ተቃጠለ። ለአንዳንድ ዛፍና ሣር ስም የተሰጠበት የመጀመሪያው ናሙና በዚያች ሌሊት ዐመድ ሆነ። ነገር ግን ሁሉ አልጠፋም። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 በዐድዋ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሯል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የላከውን፥ በኤስሊንገን ከተማ የነበረ ማኅበር ለብዙ ደንበኞች እያከፋፈለ ይሸጥ ስለ ነበረ፥ የአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ በአንድ ቁጥር በብዙ ከተሞች ተቀምጧል። የበርሊኑ ሲቃጠል የፓሪሱና የሎንዶኑ ተረፈ። ዛሬ ሊቃውንቱ የጠፋውን የሚተኩት በእነዚህ አማካይነት ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ብቻ ያለው ነገር ሊጠፋ የቀረበ ነገር ነው።

የፈረንጆቹም ስብስብ ቢሆን ሙሉ ነው ብሎ መተማመን አይገባም። አንቲኖሪና ራጋዚ በአንኮበር ዙሪያ ያን ያህል ወፍ ሰብስበው ሳለ፥ ዛሬ በአንኮበር ስም የምትጠራውን ትንሽ ወፍ ጆን አሽ የተባለ ሰው ያገኛት በ1976 ሲሆን፥ ለሳይንስ ያስታወቃትም በ1979 ነው። በየገደሉ ስትበር የነበረች ወፍ መቶ ዓመት ሙሉ ከታለፈች፥ ከቅርፊቱ በታች ተሸፍኖ የሚኖረው እንጨት ምን ያህል እንደሚታለፍ ማሰብ አያስቸግርም።

ይህን ያህል ስለ ባሕር ማዶ ከተናገርሁ፥ በአገር ውስጥ ያየሁትንም ሳልገልጽ ማለፍ አይገባኝም። ቀድሞ ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት፥ በሳይንስ ክፍል ጥግ ሁለት ሣጥን የእንጨት ቁራጭ ነበረ። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ከእኔ ብዙ ዓመት ቀደም ብለው ያስተማሩ አንድ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ከየቦታው የሰበሰቡት ነው ይባል ነበር፤ ቁጥሩ የምን ዛፍ እንደ ሆነ የሚገልጸው ደብተር ግን አልተገኘም። የንብረት ቆጠራ በተደረገበት ዓመት ዝርዝሩ ላይ «ቁርጥራጭ እንጨት፥ 2 ሣጥን፥ አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ተመዘገበ፤ ከተሰበሩት ወንበሮች ጋር እንዲወገድም ተወሰነ። እኔ ለክረምት ሄጄ ስመለስ ሣጥኖቹ አልነበሩም። ዘበኛውን «አባባ፥ እነዚያ እንጨቶች ወዴት ደረሱ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «መምህር፥ ሻይ ቤቷ ወሰደቻቸው፤ ደረቅ ስለ ሆኑ ጥሩ ነደዱላት» አሉኝ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሁለተኛው ዓመት የመዝገብ ቤት መደርደሪያ ሲጸዳ፥ ከቆዩ የፈተና ወረቀቶች መካከል አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ተገኘ። ስከፍተው ያ የጠፋው ዝርዝር ነበረ። ቁጥር፥ የዛፉ ስም፥ የተገኘበት ቀበሌ፥ የሰጠው ገበሬ ወይም አናጢ፥ እንጨቱም ለምን ሥራ እንደሚሆን በተማሪ እጅ ጽሕፈት ተራ በተራ ተጽፏል። ወይራው ለድግር፥ ጥዱ ለምሰሶ፥ ዋንዛው ለከበሮ፥ ኮሶው ልቡ ቀይ እንደ ሆነ ሁሉ ተመልክቷል። አንዳንዱ ስም እኔ ሰምቼው የማላውቀው ነው፤ ያን ዛፍ የሚያሳየኝ ቁራጭ ግን ተቃጥሏል። እንጨቱ ሳለ ወረቀቱ ጠፋ፥ ወረቀቱ ሲገኝ እንጨቱ የለም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆነ።

እዚህ ላይ ኮሚቴው ክፉ ሠራ ብዬ አልከስም። በፊታቸው የነበረው ስም የሌለው እንጨት ነው፤ ስም የሌለው እንጨት ደግሞ በእውነት ማገዶ ነው። ጉድለቱ ያ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ አለመሆኑ፥ ደብተሩም ከሣጥኑ ጋር አብሮ አለመታሰሩ ነው። በሞዴል ገቢ የሆነ ወንበር እግሩ ቢሰበር እንኳ ያለ ፊርማ ከግቢ አይወጣም፤ የሁለት ትውልድ ዕውቀት ግን ያለ ፊርማ ወጣ። መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሣጥን የቀረ እንደ ሆነ የሚያድነው ሊቅ አይደለም፤ መዝገቡን የያዘው ሠራተኛ ነው። ይህንን ደብዳቤ ለእናንተ መጻፌም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ሊደረግ ይገባዋል የምለውን በአጭሩ ላቅርብ።

በመጀመሪያ፥ የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ፥ ይልቁንም የግብርና፥ የደንና የትምህርት መሥሪያ ቤት፥ ቁጥር ወይም ጽሕፈት ያለበትን እንጨት፥ ድንጋይ፥ ዘርና የደረቀ ቅጠል ለባለሙያ ሳያሳይ «አገልግሎት የማይሰጥ» ብሎ እንዳይፈርም ደንብ ይውጣ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፥ ከአንኮበርና ከሸዋ የሄደው ናሙና በየት እንዳለ በሙኒክ፥ በፓሪስ፥ በሎንዶን፥ በሮም፥ በፍሎረንስና በጄኖቫ ላሉት ቤተ መዘክሮች በይፋ ደብዳቤ ይጠየቅ። ደብዳቤው የአንድ መምህር ከሆነ መልስ ይዘገያል፤ ከዩኒቨርሲቲና ከቅርስ መሥሪያ ቤት በማኅተም የወጣ እንደ ሆነ ግን ክብር ያገኛል። እኛ የምንለምነው ዕቃው ሁሉ ዛሬውኑ ይመለስ ብለን አይደለም፤ አስቀድሞ ዝርዝሩና ሥዕሉ ይላክልን ነው። ከመቅደላ በ1868 የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ስንትና ምን እንደ ሆኑ ዛሬ አፋችንን ሞልተን የምንናገረው፥ ራይት የተባለው ሊቅ በ1877 ዝርዝራቸውን ስላሳተመ ነው። ዝርዝር የሌለውን ነገር መጠየቅ እንኳ አይቻልም።

ሦስተኛ፥ አዲስ ስብስብ እዚሁ አንኮበር ይጀመር። ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ነፋስ ከጣለው፥ ከአናጢው ቤት ከተረፈውና በደን ጠባቂው ፈቃድ ከተገኘው ቁራጭ ይበቃል። ቁራጩ የመዳፍ ያህል ሆኖ ልጡ ሳይላጥ በጥላ ይድረቅ፤ ቀለምና ዘይት አይነካው። ከዚያው ከአንዱ ዛፍ አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅና ሁለቱ አንድ ቁጥር ይያዙ፤ በኋላ ሊቅ ስሙን የሚያረጋግጠው በዚህ ነው። በወረቀቱ ላይ ዛፉ የቆመበት ስፍራ፥ ቀኑ፥ የሰብሳቢው ስም፥ የአገሩ ሰው የሚጠራበት ስምና እንጨቱ የሚያገለግልበት ሥራ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ አራት ይቆረጥ፤ አንዱ በአንኮበር ትምህርት ቤት፥ አንዱ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፥ አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በብሔራዊ የዕፅዋት ስብስብ ቤት፥ አንዱም ወደ ውጭ አገር ይላክ። የሺምፐርን ትምህርት ከተቀበልን ማድረግ የሚገባን ይህ ነው።

ይህን ስል አገራችን ምንም አልሠራችም ማለቴ አይደለም። ብሔራዊው የዕፅዋት ስብስብ ቤት ከ1959 ጀምሮ አለ፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር የተባለው ታላቅ ሥራም በ1980 ተጀምሮ በ8 ቅጽ በ2009 ተፈጽሟል። ፎን ብራይትንባኽ ስለ አገር በቀል ዛፎች፥ አቶ ወልደ ሚካኤል ቀለጫ ስለ ዕፅዋት ስሞች፥ ዶክተር አዘነ በቀለ ስለ ጠቃሚ ዛፎች የጻፉት መጽሐፍ ለመምህር ሁሉ ባለውለታ ነው። መንገዱ ተጠርጓል። ቅጠሉና አበባው በእነዚህ ሊቃውንት ድካም ስሙን ካገኘ፥ የእንጨቱ ተራ አሁን ነው።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። ይህ እንጨት ለሞፈር፥ ያኛው ለቀንበር፥ ይህ ምስጥ አይበላውም፥ ያኛው ሲነድ ዐይን ያቃጥላል ብለው በመዳሰስና በማሽተት የሚለዩ አናጢዎችና ገበሬዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። ልጆቻቸው ከባሕር ዛፍና ከቆርቆሮ ጋር አድገዋል። በወፍ ዋሻ ደን ዝግባውና ጥዱ ዛሬ ቆመዋል፤ ስማቸውን ከነምክንያቱ የሚነግሩን ሰዎችም ዛሬ በሕይወት አሉ። ሁለቱ በአንድ ዘመን ሲገኙ ያልጻፈ መምህርና ያልመዘገበ መሥሪያ ቤት፥ ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቹ ስለ ገዛ ደናቸው እንጨት ሙኒክና ሮም ድረስ እየጻፉ እንዲጠይቁ ይፈርድባቸዋል።

በእኔ በኩል ያ ደብተር በእጄ ስላለ፥ በውስጡ የተጻፉትን ዛፎች ከተማሪዎቼ ጋር በየቀበሌያቸው እየፈለግን ቁራጭ ማሰባሰብ ጀምረናል። ያገኘነውም ከደብተሩ ቅጂ ጋር በአንድ ገመድ ታስሮ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል። ከአንባቢዎች መካከል በመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት ቁጥር ያለበት የእንጨት ቁራጭ ወይም የእንጨት ዝርዝር ያለበት የቆየ መዝገብ ያየ ሰው ቢኖር፥ እባክዎ ከመወገዱ በፊት ለጋዜጣው አዘጋጅ ያስታውቁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአንኮበር